ሃያ ዓመት የዘገየ ለቅሶ

ማስተዋል ማመልከቻዋን በላከች ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ የሰፈሩ እድር የወንድሟን ለቅሶ ሊያስተናግድ ድንኳን ይዞ መጣ። የግቢውን በር የከፈተላቸው ወንድሟ አስማረ ነው።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ስድስት ሰዎች ምሰሶና ሸራ ተሸክመዋል፤ አግዳሚ ወንበር የጫነ ጋሪም ተከትሏቸዋል። አቶ ፈንቴ በመጀመሪያ ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ። ሟቹ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በሰባት ዓመቱ፣ በወባ ማረፉን እድሩ የሰማው ገና ትናንት ነው። ቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ በዕለቱ ይደርሱ ነበር።

«የሞተው ማን ነው?» አለ አስማረ።

«አስማረ ነዋ» አሉ አቶ ፈንቴ። «እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ።»

አስማረ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው። አናጢ ነው፤ ሥራ ሊወጣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር። ነገሩ ግራ ገባው። ሰዎቹ የመሀሉን ምሰሶ አጣመው ሲተክሉ ባየ ጊዜ ግን አላስችለው አለና ተቀብሎ ራሱ ተከለው። ድንኳን እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተተክሎ አያውቅም ይላሉ ያዩት።

ማስተዋል ከቤት ስትወጣ ሸራው ተወጥሮ አልቋል። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተዋል በማኅበረሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ተማሪ ናት። ጥናቷ ወባ ላይ ነው፤ የቆላ እናቶች የታመመ ልጅ ይዘው ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ለምን ዘግይተው እንደሆነ ትጠይቃለች። ለዚህ ስትል ሁለት ክረምት በጭቃ ተመላልሳ ሦስት መቶ አርባ እናቶችን አነጋግራለች። ሰሜን አውሮፓ ያለ አንድ የሐሩር በሽታዎች ተቋም በየዓመቱ ከመላው አፍሪካ አሥራ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎችን መርጦ በፌሎሺፕ ለአንድ ዓመት ይወስዳል። ማስተዋል ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስት ጊዜ «እናዝናለን» የሚል መልስ ደርሷታል። የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውን አይቀበሉም፣ እሷ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ሆኗታል።

በእኛ ዘንድ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ተደጋፊው ራሱ ነው። መምህሩ «ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ይላል፤ ጸሐፊዋ ማኅተም ታሳርፍበታለች። ተማሪው ራሱን በሌላ ሰው አፍ ሲያሞግስ መጀመሪያ ላይ ያፍራል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ይለምደዋል። ማስተዋልም አማካሪዋን ዶክተር ይርጋን ሆና «እንደ ማስተዋል ያለ ተማሪ በአሥራ አምስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ አልገጠመኝም» ብላ ጽፋ፣ ከግል መግለጫዋ ጋር አያይዛ ይዛላቸው ሄደች።

ዶክተር ይርጋ ደብዳቤውን ሳያነቡ ወደ ጎን አደረጉት። መግለጫውን ግን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«የወባ አገር ልጅ ሆነሽ?»

ከሃያ ዓመት በፊት፣ የወባ ወረርሽኝ በገባበት ዓመት፣ ወንድሟ በሰባት ዓመቱ ታሞ እንደነበር፣ አራት ቀን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እሷ እግሩን ይዛ እንደተቀመጠች፣ በኋላ ጤና ጣቢያ ደርሶ እንደዳነ ነገረቻቸው። ይህ መግለጫው ውስጥም አለ። ዶክተር ይርጋ ተነፈሱ። እዚያ ያሉት ሰዎች በአንድ ሳምንት ዘጠኝ መቶ ማመልከቻ እንደሚያነቡ፣ ዘጠኝ መቶ ተነብቦ ሲያበቃ የዳነ ወንድም ማንም እንደማያስታውስ አስረዷት። ዋሺ አላሏትም። «እስቲ አስቢበት» ብለው ወረቀቱን መለሱላት።

ማስተዋል ቤተ መጻሕፍት ገብታ አሰበችበት። ስትወጣ የቀየረችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ ዳነ ይል የነበረው ወንድሜ አልዳነም ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች እንዳይጋጩ ብላ ደብዳቤው ላይም አንድ መስመር ጨመረች፤ «የወንድሟን ሞት ከቤተሰቧ አረጋግጫለሁ» የምትል። ሆዷ አልፈቀደውም። ቢሆንም የሚያነቡት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፣ አስማረም ቢሰማ ስቆ ያልፈዋል ብላ ራሷን አባበለች። ዶክተር ይርጋ ፈረሙ። ጸሐፊዋም ማኅተሙን በደንብ ተጭና፣ አንድም ፊደል ሳይጠፋ፣ አሳረፈችው።

አቶ ፈንቴ ድንኳኑ ውስጥ ከኪሳቸው ያወጡት የዚሁ ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ነው። እንዴት እንደ ደረሳቸው አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ማስተዋል ውሸት መሆኑን፣ የጻፈችውም ራሷ መሆኗን፣ አስማረም ይኸው ቆሞ ወንበር እየደረደረ መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ ፈንቴ አስማረን በሐዘኔታ አዩት። ከዚያ ወረቀቱን አዩ።

«እኛ ምን እናድርግ፣ ልጄ» አሉ። «ማኅተም አለው።»

እናቷ ወይዘሮ አንጓች መጀመሪያ ላይ ጉድ አፈሉ። የቆመ ልጄን የምትቀብሩት ምን አድርጎ ነው፣ ከግቢዬ ውጡልኝ አሉ። የመጣን ሰው ማሳፈር ስለማይሆንላቸው ግን ትንሽ ቆይተው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ አንጓችም አለቀሱ፣ ያውም የእውነት። በዚያ ዓመት፣ ልጁ በታመመ በሦስተኛው ቀን፣ ተስፋ ቆርጠው የመገነዣ ጨርቁን በድብቅ አዘጋጅተው ነበር። ልጁ ሲድን አፈሩና ለማንም ሳይናገሩ ጨርቁን መልሰው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ያን ጊዜ የተሰናዳው ለቅሶ ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ሦስት ቀን አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን አስማረ ንፍሮ በሣህን ሲያቀርብላቸው ቀና ብለው አዩት።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት። «የማን ልጅ ነህ?»

 አስማረ የማን ልጅ እንደሆነ በትሕትና ነገራቸው፤ እሳቸውም የአባቱን ስም ሲሰሙ፣ የእኔም ባል እንዲያ ነበር የሚባለው ብለው ተገረሙ። በዚሁ ቀን አስማረ ሽማግሌ ሊልክባት ያሰባት ስንዱ ከጓደኞቿ ጋር ለቅሶ መጣች። እንደማንኛውም ሰው እግዜር ያጥናህ አለችውና ንፍሮዋን ቆርጥማ ሄደች።

ድንኳኑ ከተነሣ በሳምንቱ ከተቋሙ ኢሜይል ደረሰ። ማመልከቻዋ ተመዝግቧል፣ መስፈርቱንም ያሟላል። በዚያው ቀን የአስማረ ሱሪ አራት ጣት ያህል መሬት ጎተተ። አስማረ እርሳሱን ከጆሮው አንሥቶ በሩ መቃን ላይ ራሱን ለካ። አንድ ሜትር ከሰባ አራት የነበረው አንድ ሜትር ከስልሳ ስድስት ሆኗል። ሜትሩ ተሳስቶ እንዳይሆን በሌላ ሜትር ለካ። ከዚያ ሱሪውን ቆርጦ ጠቀመው።

በወሩ ሁለተኛው ኢሜይል መጣ። ከዘጠኝ መቶ አመልካች አርባዎቹ ለቃለ መጠይቅ ተለይተዋል፤ ማስተዋል ከአርባዎቹ አንዷ ናት። አስማረ አንድ ሜትር ከአርባ ሆነ። ጢሙ የለም፤ ድምፁም ቀጥኗል። የሚሠራበት የእንጨት ቤት ባለቤት ልጅ አላሠራም ብሎ በጨዋ ደንብ አሰናበተው፤ ከረሜላም ሰጠው። አስማረ ከረሜላውን እየመጠጠ ወደ ቤት ገባ።

«ደብዳቤ መጣልሽ እንዴ?» አላት።

«አዎ። ለቃለ መጠይቅ አለፍኩ።»

«እሰይ» አለ፣ እጅጌውን እያጠፈ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

ማስተዋል ያን ቀን ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አስማረ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው እሷ እንድትቀጥል ነው። ያንን መግለጫው ላይ ብትጽፍ በቂ ነበር፤ አሁን ሲታሰብ። ዶክተር ይርጋ ግን ትምህርት ያቋረጠ ወንድም ከዘጠኝ መቶው ስድስት መቶው አለው ብለዋት ነበር።

ልታስተካክለው ሞከረች። የማመልከቻው ገጽ አንዴ ከተላከ በኋላ አይከፈትም። ለተቋሙ ቢሮ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። የሟች መረጃ ላይ ማሻሻያ የሚደረገው ድጋፉን የሰጡት መምህር በማኅተም የተረጋገጠ አዲስ ደብዳቤ ሲልኩ ነው ይላል። አስማረን ይዛ ዶክተር ይርጋ ዘንድ ሄደች።

ዶክተር ይርጋ አስማረን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መረመሩት። ልቡን አዳመጡ፣ ዐይኑን ገልበው አዩ፣ ቆሽሾ የነበረ ጆሮውንም ጠረጉለት።

«በጤናው ምንም የለበትም» አሉ። «ችግሩ ሰነዱ ላይ ነው።»

ደብዳቤውን ግን አልጻፉም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አንዱን ማኅተም በሌላ ማኅተም ካፈረሱ ኮሌጁ የትኛው ነው የዋሸው ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የዚህ ዓመት ብቻ ሳይሆን የፈረሙት ሁሉ ይመዘዛል፤ ውጭ ያሉ አሥራ አንድ ተማሪዎቻቸውም ይመለሳሉ። ከእነሱ ውስጥ የስንቱ ወንድም እንደሞተ እሳቸውም አያውቁም። በመጨረሻ አንድ ምክር ሰጧት። ቃለ መጠይቁ ላይ ይጠይቋታል፤ እዚያው በአፏ ትንገራቸው።

እስከዚያ ሦስት ሳምንት ነበር። ማስተዋል ሁለት መልስ ተለማመደች። አንደኛው ወንድሟ የሞተበት ነው፤ በጣም ጥሩ መልስ ነው፣ ስትለማመደው ራሷንም ያስለቅሳታል። ሁለተኛው እውነቱ ነው፤ አጭር ነው፣ ሁልጊዜም መሀል ላይ ይደነቃቀፋል። መሄድ ትፈልግ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ያንን ቤተ ሙከራ በፎቶ አይታው ነበር፤ ጠረጴዛዎቹን፣ ማይክሮስኮፖቹን፣ በመስኮቱ የሚታየውን ወደብ። አንዳንድ ቀን ጠዋት፣ አስማረ ትንሽ ሆኖ ሻይ ሲጠጣ እያየችው፣ እንዲህም ሆኖ እኮ ይኖራል ብላ ታስባለች። ወዲያው ራሷን ትጠላለች።

ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ የሚሻለው እዚያ ነው። ማስተዋል ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለበሰች፣ ነጠላዋን ደረበች። አስማረ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ሆኗል። አስፋልቱን ሲሻገሩ እጇን ያዘ፤ ማዶ ሲደርሱ ለቀቀው። አዳራሹ በር ላይ ቆም ብሎ ማጠፊያውን መረመረና ይህን የገጠመው ሰው ሙያ እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ ከካሜራው ውጭ ያለው ወንበር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እግሩ መሬት አይነካም።

«የመሰለሽን ተናገሪ» አላት። «እኔ አንቺ ላይ አልፈርድም።»

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ወጡ፤ ጠጉራቸው የነጣ ሴት ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ፣ ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት። ሰውዬው እናቶቹን እንዴት እንደመረጠች፣ ያልተገኙትን ምን እንዳደረገች ጠየቋት። ማስተዋል አንድም ነገር አልተሳሳተችም። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ወንድሟ እንድትነግራቸው ለመኗት።

መጀመሪያ የመጣላት የተለማመደችው ነው። «ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነበር» ብላ ጀመረች። ከጎኗ አስማረ እጁን እያየ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል። እጅጌውን ሊያጥፍ ይሞክራል፣ ጣቶቹ ግን አልታዘዙትም። ማስተዋል የተለማመደችውን ተወችው።

«ወንድሜ አልሞተም» አለች። «ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። ይኸው አጠገቤ አለ።»

ላፕቶፑን አዞረችው። አስማረ የአንገቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ ከወንበሩ ሳይወርድ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ሦስቱ ሰዎች ወንበሩን ትኩር ብለው አዩ። ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ ሞት ቤት ውስጥ ምን ትቶ እንደሚሄድ በዚህ ዓይነት ያሳየ አመልካች እንዳልገጠማቸው ተናገሩ። ባዶ ወንበር፣ አሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል። ማስተዋል ደግማ ነገረቻቸው። ስሙን ነገረቻቸው፣ ሙያውን ነገረቻቸው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግራቸው ጮኸች። ሦስቱም እያዘኑ አንገታቸውን ነቀነቁ። ወጣቱ ዐይኑን ጠረገና አንድ ነገር ጻፈ።

ሴትዮዋ ውጤት በቃለ መጠይቅ ቀን መንገር ልማዳቸው አለመሆኑን፣ ዛሬ ግን ኮሚቴው ከዐይን ለዐይን መተያየት ያለፈ ምክክር እንዳላስፈለገው ገለጹ። ከአሥራ ሁለቱ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከመለያየታቸው በፊት፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ለወንድሟ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ያደርጋሉ። ፈቃዷን ሳይጠብቁ ሦስቱም ተነሡ። ሲቆሙ ራሳቸው ከስክሪኑ ወጣ፤ የቀረው ሦስት ቀበቶና በቀበቶው ላይ የተጣጠፈ ስድስት እጅ ነው።

አስማረም ከወንበሩ ወርዶ፣ ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር ስለሆነበት፣ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከደቂቃዎች በፊት ከነበረውም አጥሯል፤ ጠጉሩ ከጠረጴዛው አይደርስም። ትንሽ እንደቆመ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ ሙቀቱ አያስተነፍስም፤ ማራገቢያውም ከተበላሸ ሰንብቷል። ማስተዋል ግንባሩን ዳሰሰችው። ሦስት መቶ አርባ እናቶች ምን ዓይነት ትኩሳት እንደሆነ ነግረዋታል፤ ከእነሱ በፊትም ታውቀዋለች። «በረደኝ» አላት፣ በልጅ ድምፅ። ላፕቶፑን አልዘጋችም። ወንድሟን አዘለችው፣ በነጠላዋ አጥብቃ አሰረችውና ወጣች። ስክሪኑ ላይ ደቂቃው ገና አላለቀም።

ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ምድር ስድሳ ስድስት ደረጃ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቀለላት። አንደኛው ፎቅ ላይ ከዚያም ቀለላት። ፍጥነቷ የጨመረ መስሏት ነበር። ክብደቱ እየቀነሰ ቢሄድም ጀርባዋ ላይ ያለው ትኩሳት ይብስ ነበር እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ዞራ አላየችም። ግቢውን እየሮጠች አቋርጣ የተማሪዎች ክሊኒክ ገባች።

ነርሷ ካርድ አወጣች። ስም ጠየቀቻት፤ ዕድሜ ጠየቀቻት። ማስተዋል አስማረ አለች፣ ሰባት አለች። ነርሷ አውርጂው አለቻት። ማስተዋል ነጠላዋን ፈትታ ወደ ፊቷ አዞረችውና ጭኗ ላይ አደረገችው። ነጠላው ውስጥ ምንም የለም። ነርሷ ከፈት አድርጋ ቴርሞሜትሩን አስገባች፤ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች፤ አወጣችው። አርባ ነጥብ ሁለት ይላል። ካርዱ ላይ ጻፈችና ሐኪሙ እስኪጠራሽ እዚያ ተቀመጪ አለቻት። ማስተዋል ነጠላውን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ነጠላው ይንቀጠቀጥ ነበር።